የማዮዋ ልጅ እና የአያቴ ወንድም

ከየት እንደምጀምረው ግራ ገብቶኛል፣ ግን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስለሆነ እንዲሁ እንደመጣልኝ ልጻፈው። አክስቴ ቦስተን ነው የምትኖረው፣ አረጋውያን ትንከባከባለች። ከምትንከባከባቸው አንዷ ሰማንያዎቹን ያጋመሱ ሴትዮ ናቸው፣ የአየርላንድ ዘር፣ እና "አያቴ ከየትኛው መንደር እንደመጣች ሳላውቅ አልሞትም" ይላሉ አለችኝ። አክስቴ ኮምፒውተር ላይ እስከዚህም ናት። "አንቺ ደሴ ቁጭ ብለሽ ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ አይደለሽ፣ እስቲ ፈልጊላቸው" አለችና ከአያትየው የጸሎት መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። አንድ ስም፣ በፈረንጅ 1909 የሚል ዓመት እና ማዮ የሚል ቃል። በቃ ይኼው ነው።

ማዮ በምዕራብ አየርላንድ ያለ አውራጃ ነው። ስለሀገሩ ማንበብ ስጀምር የመጣብኝ ረሃቡ ነው። በ1845 ድንች የሚያበሰብስ በሽታ ገባባቸው፣ ድሃው ደግሞ የሚበላው ከድንች ሌላ የለውም ማለት ይቻላል፣ እና እስከ 1852 ድረስ ሚሊዮን የሚያህል ሰው አለቀ፣ ከሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። በ1841 ሲቆጠሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበሩ ሰዎች በ1851 ስድስት ሚሊዮን ተኩል ሆነው ተገኙ። ሰው እየሞተ እህል በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይወጣ ነበር። ካናዳ ግሮስ ኢል የምትባል ደሴት ላይ በ1847 ብቻ ከመርከብ ታመው ወርደው የተቀበሩት ከ5 ሺህ በላይ ናቸው። እኔ 77ን አልደረስኩበትም፣ ግን 66 እና 77 በእያንዳንዱ ቡና ላይ የሚነሱበት ቤት ነው ያደግኩት፣ እና ይሄን ሳነብ የሰው ሀገር ታሪክ የማነብ አልመሰለኝም። ለ77ቱ ረሃባችን በፈረንጅ 1985 ያንን ትልቅ ኮንሰርት ያዘጋጀው ቦብ ጌልዶፍም አየርላንዳዊ ነው፣ ያን ጊዜ ለምን እንደዛ እንደሮጠ አሁን ትንሽ የገባኝ መሰለኝ።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። የአየርላንድ ስደተኛ ሲፈለግ ትልቁ ችግር አሜሪካ ያለው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ "አየርላንድ" ብቻ ተብሎ መጻፉ ነው። ከ1820 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባ መርከብ ሁሉ የተሳፋሪ ዝርዝር ያስረክባል፣ ግን ለረጅም ጊዜ የሚጻፈው ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሥራ፣ ሀገር ብቻ ነበር። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ ታውንላንድ የሚሏቸው ከ60 ሺህ በላይ ትንንሽ ቦታዎች አሉ፣ እንደኛ ጎጥ በሉት፣ እና የሰውየው ታውንላንድ ካልታወቀ ወንዙን በእጅ እንደመቅዳት ነው። የኛ ሴትዮ አያት ግን ዕድለኛ ናቸው ምክንያቱም ከ1907 ጀምሮ መዝገቡ ላይ ሀገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ የሚጻፍበት አምድ ነበር።

ገጹን ያገኘሁት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ቀን ኔትወርኩ ስለማያስችል። ከኩዊንስታውን የተነሳ መርከብ ነው፣ ዛሬ ኮቭ የሚባለው ወደብ። ሠላሳ መስመር፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ፣ ልጃገረዶቹ እላይ እታች ተደርድረዋል፣ ሥራ በሚለው አምድ የመጀመሪያዋ ላይ "አገልጋይ" ይልና ከሷ በታች ላሉት ሁሉ "እንደላይኛው" የሚሉ ሁለት ጭረቶች ብቻ። አንዷ ጭረት የኛዋ ናት። ዕድሜ 19። በዘመድ አምድ የአባቷ ስም እና አንድ የታውንላንድ ስም፣ ጸሐፊው እንደሰማው ስለጻፈው ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። (አሜሪካ ሲገቡ ሹሞች ስማቸውን ቀየሩባቸው የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም፣ ዝርዝሩ የሚሞላው ገና ከመነሻው በመርከብ ኩባንያው ሰዎች ነው።)

ከዛ የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራቸውን ከፈትኩ፣ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ኦንላይን አለ፣ በነጻ። የ1901ዱ ላይ ልጅቷ አስራ አንድ ዓመቷ ናት፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። አባትና እናቷ አይሪሽና እንግሊዝኛ ይናገራሉ ይላል። ስለ ቤቱ የተሞላ ፎርምም አለ፣ ጣሪያው ሳር፣ ከፊት ሁለት መስኮት። ሳር ቤት! እኔ እኮ የአያቴን የድሮ ቤት ነው ያየሁት።

በ1911 ልጅቷ የለችም፣ ቦስተን ናት። ያን ዓመት ግን ያገቡ ሴቶችን ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አለ ብለው ይጠይቁ ነበር፣ እና እናትየው ዘጠኝ ወልጄ ስምንት አሉኝ ብላለች። ቤቱ ውስጥ የተቆጠሩት ልጆች ሦስት ናቸው። አምስቱ ባሕር ማዶ ያሉት መሆናቸው ነው፣ ከነሱ ጋር ተቆጥራ የኛዋም አለች። ይሄንን ስክሪንሾት ለአክስቴ ስልክላት መልሳ ድምፅ ላከችልኝ፣ ድምፁ ላይ ሴትዮዋ ሲያለቅሱ ይሰማል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ አባትየው በ1901 ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፣ በ1911 ሰባ ሆኑ። በአስር ዓመት አስራ አምስት ዓመት! ስህተት መስሎኝ ሌላ ሰውዬ ፍለጋ ሁለት ሌሊት አቃጥያለሁ። ለካ በ1909 መጀመሪያ ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ጡረታ መከፈል ጀምሮ ስለነበር ብዙ ሽማግሌ ዕድሜው ዘሎ ነው። የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ዕድሜ እንደሚጠቅመው ይቆጠራል፣ እኛም ጋ ያው ነው፣ አያቴ ዕድሜዋን ስትጠየቅ "በክፉ ቀን ጡት እጠባ ነበር" ነው መልሷ፣ የትኛው ክፉ ቀን እንደሆነ ግን እንደጠያቂው ይለያያል።

ከዛ ወደኋላ ግን ብዙም መሄድ አልቻልኩም፣ በ1922 በእርስ በርስ ጦርነታቸው ደብሊን ውስጥ የመንግሥት መዝገብ ቤቱ ተቃጥሎ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኛው አመድ ሆኗል፣ ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ መንግሥት ራሱ ቀድሞ አጥፍቷቸው ነበር። ሴትዮዋ በቃ ይሄ ይበቃኛል አሉ፣ የሳር ቤቱን መረጃ አሳትመው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል።

ይሄን ሁሉ ለአያቴ እሁድ ቡና ላይ አወራኋት። ሁለተኛው ላይ ደርሰናል፣ ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና "የሰውን መቶ ዓመት ያለፈውን አገኘሽ፣ የኔን የአርባ ዓመቱን ወንድሜን ለምን አትፈልጊልኝም" አለችኝ። ወላሂ ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ታላቅ ወንድሟ በ77 ሰፈራ ሄዶ የቀረ ነው። እህል ይታደላል ተብሎ ከኩታበር ወደ ደሴ ወረደ፣ እዛው ተመዘገበ፣ "ሄጄ አይቼው እመለሳለሁ፣ ጥሩ ከሆነ እወስዳችኋለሁ" ብሎ በሰው ላከባቸው። አውቶብሱ ከደሴ ሲነሳ ማንም አልሸኘውም። አየርላንዶች ልጅ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ዋዜማውን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ለቅሶ ይቀመጡ ነበር፣ እንደማይመለስ ስለሚያውቁ። ይሄንን ስነግራት "እነሱስ አልቅሰው ወጣላቸው" አለች። ያን ጊዜ ደርግ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ወስዷል፣ አብዛኛው ከወሎ ነው። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ መተከል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ወረቀት በሰው እጅ መጣ። ወረቀቱ አሁን የለም፣ አያቴ የምታስታውሰው "ደህና ነኝ፣ መንደር 7 ነኝ" የሚለውን ነው። የየትኛው ሀገር መንደር 7 እንደሆነ ሰው አልጠየቀም፣ ወረቀቱን ያመጣውም ሰውዬ ሞቷል። ሰፋሪዎቹ የሄዱባቸው ቦታዎች በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ ፓዌም በቁጥር፣ ጋምቤላም በቁጥር። እና ያን ለሊት ተኝቼ ሳስበው ነገሩ ፍንትው አለልኝ፦ የአየርላንድ ልጆች የደረሱበትን ያውቃሉ፣ የተነሱበት ነው የጠፋባቸው። እኛ የተነሳበትን እስከ ጎጡ፣ እስከ ጓሮው ዛፍ እናውቃለን፣ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ የደረሰበት ግን ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የነሱን መንገድ ገልብጬ መሄድ አለብኝ ማለት ነው።

የነሱ አንድ ነገር ግን እንዳለ ይሠራልኛል። ከ1831 ጀምሮ ዘጠና ዓመት ያህል ቦስተን የሚታተም ፓይለት የሚባል ጋዜጣ ላይ የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር፣ ስም ብቻ አይደለም፣ ከየት ደብር እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሳ፣ በየት መርከብ፣ መጨረሻ የታየው የት እንደሆነ፣ ሁሉን ይዘረዝራሉ። እኔም እንደዛ አድርጌ አያቴን ቁጭ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ። ስሙ ሁለት ነው፣ የቤት ስሙ ሌላ፣ ቀበሌ ማኅበር የተመዘገበበት ሌላ፣ አባታቸው ክርስቲያን እናታቸው ሙስሊም ስለነበሩ ከሁለቱም ወገን ስም አለው፣ የወሎ ሰው ይሄ አይገርመውም፣ ፈላጊ ግን ሁለቱንም ካልያዘ ያልፈዋል። ግራ ቅንድቡ ላይ የበሬ ቀንድ ጠባሳ። ሲስቅ አፉን በነጠላ ይሸፍናል።

ባለፈው ሳምንት ኩታበር ገበያ ሄጄ በ83 ደርግ ሲወድቅ ከፓዌ በእግርና በመኪና የተመለሱ አንድ አባት አገኘሁ። ጠባሳውን አላስታወሱም። ግን "ልጄ፣ ሰውየውን በስሙ አትፈልጊ፣ እዛ የሚታወቀው በሚስት ዘመድ ነው፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚጠይቀው እሱ ነበር" አሉኝ። ይሄንን ስሰማ ሰውነቴ ቀዘቀዘ ምክንያቱም የማዮዋንም ልጅ ትክክለኛ ቤተሰብ የለየሁት በክርስትና እናቷ ነው፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስት ልጆች ነበሩ፣ በደብሩ መዝገብ ላይ ክርስትና ያነሳቻት ሴት የእናቷ እህት ሆና ስትገኝ ነው ያረጋገጥኩት።

ሮጬ ቤት ገባሁ። "እማማ፣ ሲሄድ ሚስት ነበረችው እንዴ?" አልኳት።

"ነበረችው እንጂ፣ አብራው ነው የሄደችው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለችና የልጅቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የሐይቅ ሰው እንደሆኑ፣ ቤታቸው ከእስጢፋኖስ ገዳም በየት በኩል እንደነበር፣ ስትዳር የለበሰችውን ሳይቀር ነገረችኝ። ስልኬ ላይ ስጽፍ ቀና ብላ አየችኝና "የእናቷንም ጻፊ፣ እናቷ ጥሩ ሰው ነበረች" አለች። ጻፍኩት። ቅዳሜ ሐይቅ እሄዳለሁ፣ አብሬሽ ካልሄድኩ ብላለች፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ባጃጅ ኮንትራት እይዛለሁ።