መስታወቱ ላይ የሚጻፈው እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ በያላችሁበት እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን ሰላምታ እኔ የለመድኩት ከቡና ቤት መስታወት ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ጠዋት ፍርፍርና ሻይ፣ ቀን ሽሮና ጥብስ፣ ማታ ድራፍት። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ጠርሙሶቹ ከተደረደሩበት በላይ፣ ጠርዙ በዕድሜ የጠቆረ ሰፊ መስታወት ተሰቅሏል። ጳጉሜ ስትገባ የቤቱ ባለቤት በርጩማ ላይ ይወጡና በነጭ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ለውድ ደንበኞቻችን እንኳን ከዘመነ እንትን ወደ ዘመነ እንትን በሰላም አሸጋገራችሁ» ብለው ይጽፋሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከዓመት ዓመት ቃሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የወንጌላውያኑ ስም ነው። ጽሑፉ መስቀል እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ድራፍታችንን እየጠጣን ፊታችንን በፊደሎቹ መሃል እናያለን።

መጀመሪያ ያነበብኩት «ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ» የሚለውን ነው። መስከረም 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሥራ አግኝቼ ከክፍለ ሀገር የመጣሁት በዚያው ክረምት ነው፤ አገር ቤት ደርሼ ልመለስ ብል መሳፈሪያ አልነበረኝም። በዓልን ብቻውን ያሳለፈ ሰው ያን ጠዋት ያውቀዋል። ከየግቢው የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ ይወጣል፣ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከበር በር ይዞራሉ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ አንተ ደግሞ ቁርስ የሚሸጥልህ ሰው ፍለጋ ትዞራለህ። ከአፍንጮ በር ጀምሬ ፒያሳን ዞርኩት። በመጨረሻ አንድ የብረት በር ግማሹ ተከፍቶ አገኘሁ። አንገቴን ሳስገባ ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ወንዶች ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ተቀምጠዋል፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ እትዬ ድስት ይዘው ቆመዋል።

«ምን ትጠብቃለህ? በበዓል ቀን በር ላይ አይቆምም፣ ግባ!»

ገባሁ። ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ደረሰኝ። ጠግቤ ሒሳብ ስጠይቅ አጠገቤ የነበረው ሰው ክንዴን ያዘኝና «ዛሬ ሒሳብ የለም፤ ነገ ትከፍላለህ፣ ነገ ደግሞ ቁርስህን ትበላለህ» አለኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እትዬ በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ግማሽ ቀን የሚከፍቱት ለመሸጥ አልነበረም። ላጤው፣ ቤተሰቡ ሩቅ ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከልጆቹ ጋር የተኳረፈው፣ ሁሉም የት እንደሚሄድ ጨንቆት እንዳይውል ነው። እንዲህ ያለ ሰው በከተማ ውስጥ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው በየቀኑ ምሳ የሚያቀርብለት ነው። ባልንጀሮቹም ላያውቁት ይችላሉ።

ያንን ጨምሮ ሃያ እንቁጣጣሽ እዚያ ቤት በላሁ፤ አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላ እንኳ ጠዋት ብቅ ብዬ እመለስ ነበር። አራቱን ወንጌላውያን አምስት ጊዜ ዞርናቸው ማለት ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የተጻፈው «ወደ ዘመነ ዮሐንስ» ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ።

ስለ ፒያሳ ብዙ ተጽፏልና ታሪኩን አላበዛውም። ጣልያን ያመጣው ስም በቀድሞው አራዳ ላይ ተደርቦ እንደቀረ፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ በደጃዝማች ውቤ ስም የተጠራው ውቤ በረሃ የሌሊቱ መንደር እንደነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቤት የማውቃቸው አዛውንት ስለ ውቤ በረሃ ሲያወሩ፣ ዛሬ እኔ ስለ ዶሮ ማነቂያ እንደማወራው ነበር የሚያወሩት። የእነርሱን ሌሊት የወሰደባቸው ከአብዮቱ በኋላ የመጣው ሰዓት እላፊ ነው። ቤቱ ቆሞ፣ በሩ እያለ፣ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ መሮጥ ሲጀምር አዝማሪውም ባለ አኮርዲዮኑም ዝም አለ። «እናንተ ምን አያችሁና» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አላየንም። አሁን እኛም ለታናናሾቻችን ያንኑ እያልን ነው፣ እነርሱም አንድ ቀን ዛሬ ማኪያቶ ስለሚጠጡበት ቤት እንዲሁ ይላሉ።

እነዚህ ቤቶች ለምን እንደ ቤተሰብ እንደነበሩና ሲነሡ ለምን ሌላ ቦታ እንደማይበቅሉ ብዙ አስቤበታለሁ። ትልቁ ነገር ኪራዩ ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የአሮጌው መሃል ከተማ ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። እትዬ ቤቱን የወረሱት ከእናታቸው ነው፣ እናትየዋ ደግሞ ከቀበሌ የተከራዩት። ሽሮው ለተላላኪውም ለጫማ አሳማሪውም የሚቀመሰው፣ ዱቤው ደመወዝ እስኪደርስ የሚታገሠው፣ በበዓል ቀን ድስት ሙሉ ዶሮ በነፃ የሚቀርበው ባለቤቷ ደግ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም። ደግነታቸው የሚቆምበት መሬት ስለነበረው ነው። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ክፈይ የተባለች ሴት የፈለገ ደግ ብትሆን ዱቤ እንዴት ትሰጣለች?

ሁለተኛው ነገር ከጓሮ ነው፤ ደንበኛ አያየውም። እንጀራው የሚመጣው ከኋላ ባለው ቅያስ ከምትጋግር ሴትዮ ነው፣ ገና ትኩስ እያለ በሞሰብ ተሸክማ። ከሰሉን የሚያመጣው ልጅ ጥግ ላይ ነው የሚያድረው። ሥጋው ከሦስት በር ማዶ ካለው ሥጋ ቤት ነው፤ ጥብስ የታዘዘ እንደሆነ አስተናጋጇ ሮጣ ሄዳ «ለአንድ ሰው ከጎድኑ» ብላ ትመለሳለች። ሥጋ ቤቱ ድራፍት የፈለገ እንደሆነ ደግሞ ከእኛ ቤት ይሄድለታል። ጋዜጣ አዟሪው፣ ሎተሪ ሻጩ፣ ሊስትሮው፣ ከሰዓት በኋላ ቆሎ ይዛ የምትመጣው እናት፣ ሁሉም አንዱ በሌላው ላይ ተደግፈው የቆሙ ናቸው። ሲነሡ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ወደ ክፍለ ሀገሩ ሄደ። ድስቱን ተሸክሞ መሄድ ይቻላል፤ ያን ሰንሰለት ተሸክሞ መሄድ ግን አይቻልም።

የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፣ ይህን መካድ አልፈልግም። በዚያ ሰፈር ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ አንድ ነው፣ የወጥ ቤቱ ፍሳሽ መሄጃ አልነበረውም። እትዬ ራሳቸው አሁን በቤታቸው ውስጥ ውኃ ስላላቸው አምላክን ያመሰግናሉ። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የማዝነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ስማችንን አለመተዋወቃችን ነው። እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል፤ ሃያ ዓመት አብሮ የበላ! ግን እንደዚያ ነው። የዱቤው ደብተር ላይ የሰው ስም ከስንት አንድ ነው። «ባለ ቆቡ»፣ «ሹፌሩ»፣ «የፍርድ ቤቱ»፣ «ረጅሙና ጓደኛው»። እኔ በ1997 «አዲሱ ልጅ» ተብዬ ተጻፍኩ፤ ጸጉሬ ሸብቶ ደብተሩ አምስት ስድስት ጊዜ ሲለወጥም «አዲሱ ልጅ» ነኝ። ከበሩ ትይዩ ያለው ወንበር የባለ ጋዜጣው ጋሼ ነው። ሻይ ያለ ስኳር፣ ጋዜጣውን ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ነው የሚያነቡት፣ ያነበቡትን ደግሞ ለእኛ ይተርኩልናል። አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሳይመጡ፣ ቤቴን ስለማያውቁት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥ ከለከሉ አሉ። ስመለስ ምንም ሳይናገሩ ጋዜጣቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ።

የእኚህን ሰው ስልክ አልያዝኩም። ለምን እይዛለሁ? ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ቤቱ ነበር ስልካችን።

ሰፈሩ የሚፈርስበት ቀን የታወቀው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በእነዚያ ቀናት ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ዱቤ ያለበት ሁሉ እየመጣ ከፈለ። ከዓመታት በፊት ሰፈሩን የለቀቁ ሰዎች ከወዴት ሰምተው እንደመጡ እንጃ፣ «እትዬ፣ የኔን ይዩልኝ» እያሉ ቆሙ። አንድ ወጣት መጥቶ «ሹፌሩ የሚል አለ?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ ናቸው፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እትዬ ገጹን አገላብጠው «አባትህ ምንም የለባቸውም» አሉት። እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ደብተሩን አይ ነበር፤ የሁለት ወር ምሳ ተጽፏል። ልጁ ከወጣ በኋላ በእስክሪብቶ ሰረዙት።

መስታወቱን እኔ፣ የፍርድ ቤቱና አንድ አስተናጋጅ ሆነን ከግድግዳው ነቀልነው። ታችኛው ጥጉ ተሰነጠቀ። የሚያስቀምጥበት ቦታ ያለው ሲጠፋ እኔ ወሰድኩትና ቤቴ ከቁም ሳጥን ጀርባ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካሳንቺስ ተራ ሆነ። ስሙም ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው የመጣው፤ ፈንድቃን የመሰሉ የአዝማሪ ቤቶች ያደጉበት ሰፈር ነው። ፈንድቃ ስሙም ጨዋታውም ስለሚታወቅ ሌላ መጠጊያ አገኘ፣ ደስ ብሎኛል። ስም የሌላቸው ግሮሰሪዎችና ጠጅ ቤቶች ግን ደንበኞቻቸው ይኸው እስከ ዛሬ እየተፈላለጉ ነው። ያላችሁበት ከተማ የትም ይሁን፣ እንደዚህ ያለ ቤት ካላችሁ በዚህ በዓል ሰሞን ጎራ በሉ። ጣይቱ ሆቴል በ2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም ቆሟል፤ የቶሞካ ቡናም ዛሬም ቆሞ ይጠጣል። ጎራ ስትሉም አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው፣ እባካችሁ፣ ስሙን ጠይቁት። ስልኩንም።

እኔ ይህን መልእክት የምጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው። እትዬን ያገኘኋቸው ባለፈው ሰኔ ላይ ነው። ጀሞ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ቤት ይዘዋል፤ አራት በርጩማና አንድ አግዳሚ። ቁርስ ብቻ ነው የሚሠሩት። ጳጉሜ 2፣ እሑድ ዕለት፣ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጓደኛዬ ፒክአፕ ወሰድኩላቸው። ግድግዳው አልበቃውም፤ ከበሩ በስተቀኝ መሬት ላይ አቆምነው። እትዬ ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ማቴዎስ፣ ማርቆስ እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ማቴዎስ ሳይጻፍ አለፈ» አሉ።

ቀለም ይዤ ሄጄ ነበር። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ መስታወቱን ወደ እርሳቸው ደግፌ፣ ጻፉት። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ «ማርቆስ» የሚለው ወደ ታች ወረደ። ጨርሰው ሲያበቁ «ማን ሊያነበው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እናንተ ታነቡታላችሁ ብያቸዋለሁ። የዶሮ ማነቂያ ሰዎች፣ ባለ ቆቡ፣ ረጅሙና ጓደኛው፣ ቆሎ ይዛችሁ ትመጡ የነበራችሁ እናት፣ ወይም ልጆቻችሁ፣ ይህ ከደረሳችሁ ቅዳሜ መስከረም 3 ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ነን። እትዬ ዶሮ ይሠራሉ፤ ሽንኩርቱን የምንከትፈው እኛ ነን፣ ይህን ተስማምተናል። አድራሻውን የጠየቀኝን ሁሉ እወስደዋለሁ።

ባለ ጋዜጣው ጋሼ፣ ስምዎን አላውቀውም፣ ይቅር ይበሉኝ። በሰፈሩ ስንት ጊዜ አፈላለግሁዎ። ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ አንዱን በርጩማ በሩን እንዲያይ አድርገን አስቀምጠናል። ሻዩ ስኳር የለውም፤ እትዬ አልረሱም።