ከግብር ነፃ 2,000 ብር

የጥቅምትን ወር ፔሮል ዘግቼ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ በምሠራበት የግል ድርጅት በጽዳት ሥራ የሚያገለግሉት እናት የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ግብር ቀነሰ ተብሎ አልነበረም እንዴ? ይህ 400 ብር ታዲያ የምንድን ነው?» አሉኝ። በእርግጥ ቀንሷል፤ በ4,500 ብር ደመወዛቸው ላይ በቀድሞው ሕግ 597 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥባቸው ነበር። ይህንኑ ነገርኋቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። መልሴ ትክክል ቢሆንም ደስ አላለኝም፤ ለምን ደስ እንዳላለኝ ማታ ቤቴ ገብቼ በወረቀት ላይ አሰላሁት።

ከደመወዝ የሚቆረጠው ግብር በእርከን የተሠራው፣ ዝቅተኛ ተከፋዩን ሳይነካ ገቢው ከፍ ካለው ከፍ አድርጎ እንዲወስድ ነው። ይህን ሐሳብ ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን እርከኑ በብር ተጽፎ ይቀመጣል፤ ብሩ ደግሞ እንደተጻፈበት ቀን አይቆይም። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ በ1994 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ 150 ብር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1395 ደግሞ 2,000 ብር ደረሰ። በእነዚህ አዋጆች መካከል ባሉት 14 እና 9 ዓመታት፣ ዋጋ ሲንር ደመወዝ በቁጥር ብቻ እየጨመረ፣ ኑሮው ያልተሻሻለ ሠራተኛ ወደ ላይኛው እርከን ተገፍቷል። ምክር ቤት ሳይወያይበት፣ እጅ ሳይወጣበት የተጨመረ ግብር ማለት ይህ ነው።

በጣም ያስገረመኝ አንድ ንጽጽር ነው። የ2008ቱ አዋጅ ሲወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 582 ብር ስለነበረ፣ የ600 ብሩ ወሰን እሱን ሙሉ በሙሉ ከግብር ነፃ ያወጣው ነበር። ዛሬ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 6,000 ብር ነው፤ ከእሱ ላይ 700 ብር ግብርና 420 ብር የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ 4,880 ብር እጅ ላይ ይቀራል። በአገሪቱ የመንግሥት ደመወዝ መሰላል የታችኛው እርከን ላይ የቆመ ሰው ግብር ከፋይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ደመወዙ ተጨመረለት ተብሎ ከተነገረ በኋላ።

ቅናሹንም በሌላ ዓይን አየሁት። የጽዳት ሠራተኛችን በወር 197 ብር ከ50 ሳንቲም ሲቀነስላቸው፣ ከ14,000 ብር በላይ የሚከፈለው ሰው ሁሉ፣ 15,000ም ይሁን 300,000 ብር ያግኝ፣ እኩል 550 ብር ተቀንሶለታል። ከገቢ አንጻር ሲሰላ የእሳቸው ይበልጣል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ስሌቱም ያስኬዳል። ገበያ ላይ ግን ሰው የሚሸምተው በብር ነው እንጂ በመቶኛ አይደለም። ከ14,000 በላይ ያለው ሁሉ በዚያው በ35 በመቶ ከሚቆም፣ ከላይ አንድ ሁለት እርከን ተጨምሮ ከታች ያለው ወሰን ከፍ ቢል፣ ወሰኑም በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እንዲከለስ በሕግ ቢታሰር የተሻለ ነበር እላለሁ። መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በምኞት አይሠራም። ይሁን እንጂ ደመወዝተኛው ዘወትር ቀዳሚ ከፋይ የሚሆነው የተሻለ አቅም ስላለው ሳይሆን፣ ገንዘቡ እጁ ከመግባቱ በፊት እንደ እኔ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ቆርጦ ስለሚያስቀረው ነው።

የዝቅተኛ ደመወዝ ወለሉም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55፣ ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ለግሉ ዘርፍ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ የወጣ ወለል የለም።

እዚህ ላይ ስደርስ እቤቴ የምትሠራው ልጅ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ይኸው አዋጅ በግለሰብ ቤት ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት የሚሰጡትን አይሸፍንም፤ የእሷን ዕረፍትና ደመወዝ የሚወስነው ዞሮ ዞሮ የእኔ ጠባይ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ፤ ደመወዟን የጨመርሁላት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ እሱንም ሌላ ቤት ልትገባ መሆኑን ከጎረቤት ሰምቼ ነበር። መንግሥት የግብር አዋጁን ለዘጠኝ ዓመት ሳይከልስ ቆየ ብዬ የተቆጣሁት እኔው፣ ቢያንስ የራሴን ደብተር መከለስ ነበረብኝ።

ስለዚህ ከቀጣዩ ወር የሚጀምር ጭማሪ፣ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ መስከረም ላይ የጤፍና የዘይት ዋጋ ታይቶ ደመወዟ እንደሚስተካከል፣ እሑድም ሙሉ ዕረፍቷ እንደሚሆን በአንድ ገጽ ጽፌ አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ ቀስ ብላ ራሷ ደግማ አነበበችውና «እትዬ፣ ለእኔም አንድ ኮፒ ያድርጉልኝ፤ የእርስዎ እንኳ ቢጠፋ» አለችኝ። ነገ ቢሮ ስገባ ሁለት ኮፒ አድርጌ እመለሳለሁ።