«ጫና የመቋቋም ችግር አለባት»

በአንድ የግል ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት ተወዳድሬ የጽሑፍ ፈተናውን ካለፉት አራት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ከቃለ መጠይቁ ሁለት ሳምንት በኋላ ደውዬ አለመመረጤን ስሰማ ግን ያንገበገበኝ ውጤቱ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። ምክንያቱ ይነገረኝ ያልኩት ራሴ ስለሆንኩ የምወቅሰው ሰው የለም። የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባዋ ከወረቀት ላይ በትሕትና አነበበችልኝ፦ የደመወዝ አሠራር ዕውቀቷ ውስን ነው፤ ጫና የመቋቋም ችግር አለባት፤ ስለ ድርጅቱ በቂ መረጃ የላትም።

የመጀመሪያው ከምን እንደመጣ አሳምሬ አውቃለሁ። ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዱ፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበሉ 2,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮው ስንት እንደሚሆን ጠየቁኝ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ 840 ብር፤ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር፤ በድምሩ 2,160 ብር ገቢ ይደረጋል ብዬ መለስኩ። «በእጁ የሚገባው እኮ 14,000 ነው፤ ከሠራተኛው 980 አይመጣም?» አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስሠራው የኖርኩት ነገር ስለሆነ፣ መዋጮው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ እንጂ በአበሉ ላይ አለመሆኑን ሳላመነታ አስረዳኋቸው። ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው አንድ ነገር ጻፉ። ሊዳኙን ይችሉ የነበሩት የፋይናንስ ኃላፊ በዚያች ቅጽበት ስልክ ሊያነጋግሩ ወጥተው ነበር።

ጫና የተባለው ደግሞ ጄኔሬተሩ ሳይሆን አይቀርም። መብራት ጠፍቶ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ጄኔሬተር ሲነሳ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንዲደገምልኝ ለምኜ ነበር፤ ከዚያ በቀር የተርበተበትኩበትን ሰዓት ፈልጌ አጣሁ። ያልተሰማውን ጥያቄ በግምት የሚመልስ ሒሳብ ሠራተኛ ይሻላቸው እንደሆነ እንጃ።

ሦስተኛው ግን እውነት ነው። ድርጅቱ ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው ተጠይቄ አላውቅም ብያለሁ፤ ድረ ገጹን ከፍቼ አላየሁም ነበር። ሁለቱ ሐሰት በመሆናቸው ተናድጄ ይህንንም አብሬ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ በደል ሲደርስብን የራሳችንን ጥፋት አብሮ ማጠብ እንዴት ደስ እንደሚል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤት ስገባ እናቴ «እንጀራሽ እዚያ ቤት አልነበረም፣ ተይው» አለችኝ፤ ወንድሜ ደግሞ ቦታው ቀድሞ ሰው የተያዘለት ነው፣ አንቺ ለማሟያ ነው የተጠራሽው ብሎ ደመደመ። የወንድሜ ነገር ያጽናናል፤ በእጄ ማስረጃ ስለሌለኝ ግን አልተቀበልኩትም። ሰውዬው መዋጮውን በትክክል አያውቁትም ነበር ማለት ይበቃኛል፤ ከዚያ አልፌ በዘመድ ነው ብል እሳቸው እኔን በገመቱበት መንገድ እኔም እነሱን መገመቴ ነው።

በዚያው ማታ ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠዋት ሳነበው «የሙያ ብቃቴን ያጎደፈ» እና «ፍጹም ኢፍትሐዊ» የሚሉ ቃላት ሞልተውበት፣ የጡረታው ስሌት ግን የተጠቀሰው በመጨረሻው አንቀጽ ሆኖ አገኘሁት። ቀደድኩትና በግማሽ ገጽ ሌላ ጻፍኩ፦ የተጠየቅኩትን፣ የመለስኩትን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ጠቅሼ፣ በፋይሌ ላይ የሰፈረው አስተያየት በፋይናንስ ክፍሉ እንዲታይልኝ ጠየቅኩ። ውጤቱ ይቀየርልኝ አላልኩም፤ ስለ ጄኔሬተሩም አላነሳሁም፤ እሱን በወረቀት ማስረዳት የሚቻል አልመሰለኝም። ስለ ድርጅቱ ሳላነብ መምጣቴን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አመንኩ።

ደብዳቤውን ራሴ ወስጄ ለመዝገብ ቤት ሰጠሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ «ቅሬታ ነው ወይስ ማመልከቻ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ትንሽ አሰብኩና «ማብራሪያ በይው» አልኳት። ቅጂው ላይ ማኅተም አድርጋ፣ ቀን ጽፋ መለሰችልኝ። አንድ ወር ከሳምንት ሆነው፤ መልስ አልመጣም። ቅጂውን ከዲግሪዬና ከሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ጋር አንድ ክላሰር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።