በኮሌጅ በኩል ዞረው የደረሱት ልጆች

ክረምቱን ባህር ዳር ነኝ። እንኳን ደስ አለሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዲግሪው በምን በኩል እንደመጣ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ሰው ያየው ፎቶውን ነው፤ ጋዋኑን፣ ቆቡን፣ አበባውን። ስለዚህ መንገዱን ልጻፈው፣ በተለይ ዲቪ ደርሷችሁ ሻንጣ ለምታዘጋጁ የዚህ ከተማ ልጆች።

እኔ የሄድኩት ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ኬሚስትሪ እየተማርኩ፣ ዲግሪውን ሳልይዝ ነው። ያረፍኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር። ሥራ ቶሎ ተገኘ፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ የሌሊት ሺፍት። ትምህርቱን ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀመርኩ። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ይህን በስልክ ስናገር እናቴ ዝም አለች። አክስቴ ግን አላስቻላትም፣ «ምነው ልጄ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተሽ ኮሌጅ?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። እዚህ ኮሌጅ የሚገባው ውጤት ያልመጣለት ነው የሚል ነገር አለ። የአሜሪካው አሠራር ሌላ ነው። ለዲግሪ 120 ክሬዲት ገደማ ያስፈልጋል። 60 ያህሉን በእነዚህ ኮሌጆች በረከሰ ዋጋ ትማራላችሁ፣ የቀረውን ዩኒቨርሲቲ ተዛውራችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ዲግሪውን የሚሰጣችሁም ዩኒቨርሲቲው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር።

ሲነገር ቀላል ነው። ግን በእነዚህ ኮሌጆች ከሚጀምሩት ውስጥ በስድስት ዓመት ጊዜ ዲግሪ የሚይዙት ከመቶ 16 ገደማ ብቻ ናቸው። ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የቤት ኪራይ አለ፣ ኦቨርታይም አለ፣ ከአገር ቤት የሚደወል ስልክ አለ፣ ለእናት ሳይላክ የሚያልፍ ወር የለም፣ በዚህ ሁሉ መሀል ፈተና ይደርሳል። የሚጎድለው ጊዜ ነው። እኔ ከሺፍት ወጥቼ የላብ ሪፖርት የምጽፈው አውቶቡስ ላይ ነበር፣ ወንበር ካገኘሁ።

ሌላው ጣጣ ክሬዲት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ተማሪዎች ሲዛወሩ በአማካይ 43 ከመቶ ያህል ክሬዲታቸውን እንደሚያጡ ገምቷል። ተምረህ፣ ከፍለህ፣ አልፈህ፣ እንደገና ተማር ማለት ነው። እኔም ላይ ደርሷል። የተዛወርኩበት ዩኒቨርሲቲ ባህር ዳር የተማርኳቸውን የኬሚስትሪ ኮርሶች አልቀበልም አለ። ምን እንዳስተማሯችሁ አናውቅም ነው ምክንያቱ።

እዚህ ላይ ታላቅ እህቴን ሳላነሳ አላልፍም። «እታለም፣ ኮርስ አውትላይኖቹን ፈልጊልኝ» አልኳት። ፔዳ ሄደች። ከትምህርት ክፍሉ ወረቀቶቹን አስወጣች፣ በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አስባዛች፣ ተመልሳ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ክብ ማኅተም አስመታች። አንዱ ገጽ ላይ ማኅተሙ ደብዝዞ ስለነበር ለእሱ ብቻ ብላ በዝናብ ተመልሳ ሄዳለች። ወረቀቱ በሚመጣ ሰው እጅ ደረሰኝ። ወስጄ ለኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ አሳየሁት፣ ቁጭ ብሎ ምዕራፍ በምዕራፍ አነበበው፣ «ይኼማ የእኛው ኮርስ ነው» አለና ፈረመ። አብዛኛው ክሬዲት ተመለሰልኝ። ከዲግሪዬ ላይ የእህቴ ድርሻ ትልቅ ነው፣ ይህን ሁሉም ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ስኮላርሺፑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ትራንስፈር ላደረጉ ተማሪዎች ብቻ ያዘጋጀው ነው፤ ክፍያውን ይሸፍናል፣ ለኑሮም ትንሽ ይጨምራል። ሰው ገንዘብ ተሰጠን ብሎ ያስባል። ለእኛ የሰጠን ሌሊቱን ነው። የሌሊት ሥራዬን ተውኩ። ተኝቼ መነሳት ጀመርኩ። ቀን ላቦራቶሪ ገብቼ ምርምር መርዳት ቻልኩ፤ ወደ ቺሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚገባውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መለካት ነበር ሥራችን። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ውኃውን ምን እንደሚያደርገው እዚያ ስማር ዓይኔ ላይ የነበረው ጣና ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ሲወር እንዲህ ያለውን ንጥረ ነገር እየተመገበ ነው። ያንን ሥራ ፖስተር አድርጌ በተማሪዎች ጉባኤ ላይ አቅርቤዋለሁ። አሁን እንጀራዬ ውኃ መመርመር ነው።

ግን የእኔ ምንም አይደለም። አብረውኝ በፕሮግራሙ የነበሩትን ብታዩ! አንዱ የዱርቤቴ ልጅ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ሲሠራ ካልኩለስ መጽሐፉን ከቁልፎቹ ሥር ያስቀምጥ ነበር፣ መኪና ሲመጣ ይዘጋል፣ ሲሄድ ይከፍታል። ስኮላርሺፑን ሲያገኝ ፓርኪንጉን ተወ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ዛሬ ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ድልድይ ይፈትሻል። ባህር ዳር መምጣቴን ሲሰማ የጠየቀኝ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ፎቶ ነው፣ 380 ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር፣ «ከሥሩም አንሺልኝ» ብሎ። አነሳሁለት።

ሌላዋ የወረታ ልጅ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። ነርሲንግ ስትማር ልጆቿን አስተኝታ ነው የምታጠናው። በማዕረግ ተመረቀች፣ የፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያው አለፈች፣ አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትሠራለች። የኤል ሳልቫዶር ልጅም ነበረ፣ ቀን ቀለም ቀቢ፣ ማታ ኮምፒውተር ሳይንስ።

እነዚህ ልጆች የተለየ ጭንቅላት ስላላቸው አይደለም፣ ጎበዞች ግን ናቸው። ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ተነስተው መግቢያቸው ጥብቅ ወደሆነ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩ ተማሪዎች የሚመረቁት በቀጥታ ከሁለተኛ ደረጃ ከገቡት እኩል፣ እንዲያውም በለጥ ብለው እንደሆነ አሳይቷል። ይኸው ፋውንዴሽን ራሱ ለእነዚህ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር የሚደርስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ውድድሩ ከባድ ነው፣ ለማመልከትም ከፍተኛ ውጤትና የገንዘብ ችግር መኖሩ ይጠየቃል። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ውጤታችሁን ጠብቁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ዲቪ ደርሶታል። ትናንት ሐይቁ ዳር አሳ እየበላን «ሁለት ዓመት ልሥራና ከዚያ እማራለሁ» አለኝ። ይህን ያሉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አውቃለሁ፣ ሁለቱ ዓመት አሥር ሆኖባቸዋል። አንድ ኮርስም ቢሆን በደረስክበት ሴሚስተር ጀምር አልኩት። እናቱንም አነጋገርኳት፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብር ላክ አትበይው፣ የሚያስጨርሰው እሱ ነው አልኳት። ፊቷ ትንሽ ከፋ፣ ከዚያ «እሺ፣ እኔም እስከዛሬ ያለ እሱ ብር ኖሬያለሁ» አለችኝ።

ዩኒቨርሲቲ እያላችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ ትራንስክሪፕታችሁን በታሸገ ፖስታ አስወጡ፣ የወሰዳችሁትን ኮርስ ሁሉ አውትላይን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ከዚያ ማዶ ሆኖ ማስፈለግ መከራ ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር እንሄዳለን፤ አብሮን መሄድ የሚፈልግ ካለ ፔዳ በር ላይ እንገናኝ።