የ5 ደቂቃ ሥራ

ጋሼ፣ አጎቴ ናቸው፣ ጠመንጃቸውን ያገኙት ባለቤታቸውን ከማግኘታቸው በፊት ነው። "ፍቅሩም እስከ ዛሬ በዚያው ቅደም ተከተል ነው" እያሉ ባለቤታቸው ያሟቸዋል። እናም አንድ ቀን ከአደን ሲመለሱ "ማንገቻው ተፈትልኮ ጠመንጃው ሊወድቅብኝ ነበር" ሲሉ አፌ ቀደመኝ።

"ይሄማ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው ጋሼ! እኔ አለሁልዎት።"

አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ፤ ይመዝገብልኝ። መጀመሪያ መዝጊያውን አውጥቼ ጥይት አለመኖሩን በዓይኔም በጣቴም ፈተሽኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ማንገቻ የሚንጠለጠለው በሁለት ብረቶች ነው። የፊተኛው ብዙ ጊዜ ከበርሜሉ ሥር ባለው እንጨት ውስጥ በዳዶ ይታሰራል። የኋለኛው ግን ከሰደፉ ጫፍ 6 ወይም 7 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ እንጨቱን ነክሶ የሚቆም ቪስ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍ ቀዳዳ አለው፤ የማንገቻው ቀለበት እዚያ ይገባል። የጋሼ የላላው ይሄኛው ነበር።

በፒንሳ ይዤ አጠበቅኩት። ዞረ። ጨመርኩለት። አሁንም ዞረ። ጥርስ የሌለው ሰው አጥንት አፉ ውስጥ እንደሚያመላልስ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አይነክስም። "ወፍራም ቪስ ነዋ የሚፈልገው!" አልኩና ከዕቃ ሳጥኔ አንድ ጎረምሳ ቪስ መርጬ፣ ቀዳዳውን ሳላሰፋ፣ በሙሉ ጉልበቴ አሽከረከርኩት። እየጠበቀ ሲሄድ የተሰማኝ ኩራት ልዩ ነበር።

ቀጭ!

ሰደፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። የቪሱ ጥርስ የሌለው አንገት ከጥርሱ በላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ እንደሚፈልግ፣ ጠጣር እንጨት ደግሞ ቦታ ካላገኘ ራሱን ሰንጥቆ ቦታ እንደሚሰጥ የገባኝ ያኔ ነው። ጋሼ ከወዲያኛው ክፍል "ምን ተሰበረ?" አሉ። "ወንበር ነው!" አልኩ። (ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም ነበር።)

ቪሱን ነቅዬ ስንጥቁ ውስጥ የእንጨት ኮላ አስገባሁና በጨርቅና በገመድ ጠፍሬ አሳደርኩት። ሰደፉ ጥርሱን ያመመው ሰው መሰለ። በማግስቱ አሮጌውን ቀዳዳ ኮላ በነከርኳቸው ስቴኪኒዎች ሞላሁት፤ እሱም ማደር ነበረበት። በ3ኛው ቀን፣ ጥርሱ ሳይቆጠር የድሮውን ቪስ ግንድ የሚያህል ፑንታ መርጬ፣ ከመጠን በላይ እንዳልበሳ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠምጥሜ በሳሁ። ለአንገቱ የሚሆነውን ብቻ አፉ ላይ አሰፋሁ። የድሮውን ቪስ ሳሙና ቀብቼ ሳስገባው ገባ፤ ነከሰ፤ ቆመ። ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ቀለበቱን ላስገባ ስል ግን የቪሱ ጭንቅላት ቀዳዳ በሰደፉ ቁመት በኩል ዞሮ ቁጭ ብሏል። ቀለበቱ ከገባ ማንገቻው ተጠማዞ ወደ ጎን ይወጣል። ሩብ ዙር ወደ ኋላ ልመልሰው? ይላላል። ሩብ ዙር ወደ ፊት ልጨምር? ያቺ "ቀጭ" ጆሮዬ ውስጥ አለች። ፒንሳዬን ይዤ እንደ ሐውልት ቆምኩ።

ጋሼ ቡናቸውን ይዘው መጡ። ሰደፉን አዩ፣ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱ፣ "ወንበሩ ይሄ ነው?" አሉ። ከዚያ ምስማር አንስተው በቪሱ ቀዳዳ ውስጥ አሳለፉና እንደ መክፈቻ ይዘው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ትንሽ ወደ ፊት እያሉ፣ ሩብ ዙሩን በቀስታ አስገቡት። ድምፅ የለም። ቀለበቱ ገባ፣ ማንገቻው ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

ሰዓታቸውን አዩና፦

"5 ደቂቃ አልሞላም። አንተ ልጅ፣ የቀረውን 3 ቀን የት አደረግከው?"