ለማስተሪንግ ከመክፈላችሁ በፊት

ደሴ ሆናችሁ በላፕቶፕ ሙዚቃ መሥራት ከጀመራችሁ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው «ግድ የለም፣ ማስተር ሲደረግ ይስተካከላል» ማለቱ አይቀርም። አትመኑት። ማስተሪንግ ማለት ሚክሱ ካለቀ በኋላ ሥራው ወደ አድማጭ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ ነው። እኔ በዚህች ቃል ገንዘቤን አጥቻለሁ፤ አንድ ጥሩ ሥራዬም ሊበላሽብኝ ነበር። ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁና ወደሷ እመለሳለሁ።

ሶፍትዌር አንድ ምረጡና ያዙ። የኤፍኤል ስቱዲዮ የሙከራ ቅጂ ሥራችሁን ሴቭ ያደርጋል፤ ዘግታችሁ ስትመለሱ ግን አይከፍትላችሁም። ሪፐር 60 ቀን ሙሉውን በነፃ ያሠራል፣ እኔም በሱው ቀረሁ። መብራት ስለሚጠፋ በየደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አዙት።

ድርሰቱ አላስቸገረኝም። ወሎ ተወልዶ ቅኝት የሚቸግረው ማን ነው? የሚያበሳጨኝ ትምህርቱ ሁሉ «መጀመሪያ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ደርድሩ» ብሎ መጀመሩ ነው። የሠለጠንኩበት ቦታም ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ ደሴ መሀል ተቀምጠን አምባሰል የሚል ቃል አንድም ቀን አልተነሳም። እስቲ ከሲ ተነሱ። ያሏችሁ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ሲ ሜጀር የሚባለው ኮርድ «ኢ»ን ይፈልጋል፣ ሲ ማይነር ደግሞ ኢ ፍላትን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። በግድ ስታስገቧቸው አምባሰልነቱ ይጠፋል። እኔ ሲንና ጂን ብቻ ከሥር አስረዝሜ ይዤ ዜማውን ከላይ ለቀቅኩት። እስከ ዛሬ የምኮራበት ቅንብር ነው። ችክችካ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክቱን ገና ስትከፍቱ የምት አቆጣጠሩን ከ4/4 ወደ 6/8 ቀይሩት። ኳንታይዝን (ምቶቹን በልክ የሚደረድረውን) ከበሮው ላይ ሙሉ በሙሉ አትጫኑት፤ ምቱ ይሞታል።

ማሲንቆውን የቀዳነው መኝታ ቤት ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለን። ሐምሌና ነሐሴ አትሞክሩት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አይገባም።

አሁን ወደ ሚክሱ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ወደ ማመጣጠኑ።

ቅንብሩ አልቆ በሄድፎን ስሰማው ደስ ይል ነበር። በስልክ ስከፍተው ግን ቤዙ የለም። ኪኩም (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ጠፍቶ «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ቀርቷል። አንድ ስቱዲዮ ወስጄ አሰማኋቸው። «ይሄ የማስተሪንግ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። ከፈልኩ። ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ «አልቋል» አሉኝ። በነሱ ትልቅ ስፒከር ሲከፈት እውነትም ደረት ይመታል። ቤት ገብቼ በስልኬ ስሰማው ቤዙ አሁንም የለም። ማሲንቆው ደግሞ ጆሮ ይወጋል። ፋይሉን ከፍቼ ሞገዱን አየሁት። ከላይም ከታችም ተቆርጦ እንደ ጡብ ሆኗል። ያደረጉት ነገር ቢኖር ሊሚተር (የድምፁን ጫፍ የሚገድብ መሣሪያ) ጭነው ድምፁን ማስጮህ ብቻ ነው። ተመልሼ ስጠይቅ «ችግሩ ስልክህ ነው» አለኝ ሰውዬው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ታዲያ አድማጩ በምን ነው የሚሰማው? በስልክ ነው። በባጃጅ ነው። ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ነው፣ መስኮቱ ተከፍቶ።

ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ! የስልክ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ጭራሽ አያወጣም። የቤዜ ዝቅተኛ ኖታ 49 ሄርዝ ላይ ነበር። ኪኩም 50 ሄርዝ አካባቢ ስለነበር ሁለቱ እዚያው ይጋፉ ነበር። ማንም ማስተር ቢያደርገው ስልኩ የማያወጣውን ድምፅ ሊያስወጣው አይችልም። መፍትሔው ያለው ቅንብሩ ላይ ነው።

ሌላውን ትራክ ሁሉ ዘጋሁ። ኪክና ቤዝ ብቻ ቀሩ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሱ ብቻ መስማት ጀመርኩ። የቤዙን መስመር አንድ ኦክታቭ ከፍ አደረግሁት። ትንሽ ሳቹሬሽን ጨመርኩበት፤ ይህ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ተጨማሪ ድምፆች ይፈጥራል፣ ጆሮም ከነሱ ተነስቶ የጎደለውን ዝቅተኛ ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ከዚያ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ለቅጽበት ዝቅ እንዲል በሳይድቼይን አሰርኩት። ማሲንቆውን ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ በኢኩዋላይዘር ቀነስኩለት። ቤዙ ከስልኩ ወጣ! ፍላሹን ለአንድ ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። ሐረጎ ላይ ሞተሩ እየጮኸ እንኳን የቤዙ ዜማ ይለይ ነበር።

ጩኸት ይዛችሁ ዩቲዩብ ላይ የትም አትደርሱም። ከኔጌቲቭ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በላይ የጮኸውን ዩቲዩብ ራሱ ይቀንሰዋል። የተጨፈለቀው ሥራ ሲቀነስ ድምፁም ጉልበቱም አብረው ይሄዳሉ። ያን «ማስተር» ከሚክሴ ጎን ለጎን በእኩል ድምፅ ስሰማው ከበሮው የሞተው የነሱ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

በሄድፎን ሚክስ አታድርጉ የሚለውን ምክርም አልቀበልም። ጥሩ ተብሎ በተሠራ ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ልክ ነው። እኛ ግን የብሎኬት ግድግዳ ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን። ቤዙ ጥጉ ላይ ይከማቻል፣ ወንበራችሁን ትንሽ ብታንቀሳቅሱ የምትሰሙት ይቀየራል። ከእንዲህ ዓይነት ክፍል የለመዳችሁት ሄድፎን ይሻላል፣ በስልክና በመኪና እስካረጋገጣችሁ ድረስ።

ማስተሪንግ የሚሠራ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት፦ «ሚክሱ ላይ ችግር ካየህ ነግረኸኝ ትመልስልኛለህ?» ከዚያ ያለቀውን በስልካችሁ እዚያው ፊቱ ስሙት። ሂሳቡን ከሰማችሁ በኋላ ክፈሉ። እምቢ ካለ ፍላሻችሁን ነቅላችሁ ውጡ።