ረቂቄን ሌላ ሰው ሲያነበው

ከሕፃናት መጻሕፍት ደራሲያን ጉባኤ የተመለስኩት ትናንት ማታ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አንድም ገለጻ እንዳያመልጠኝ ከአዳራሽ አዳራሽ ስሮጥ ውዬ፣ ቤት ስገባ የጻፍኩትን ማስታወሻ እኔው ራሴ ማንበብ አቅቶኝ ነበር። ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ፦ ጥላዋን ስለምትፈራው ግልገል የጻፍኩትን ታሪክ ሳነብላቸው ልጆች ለምን ቶሎ ይቁነጠነጣሉ?

መልሱ የመጣው የመጀመሪያ ገጽ በሚነበብበት ክፍለ ጊዜ ነው። የደራሲው ስም አይጠራም። ረቂቁን ሌላ ሰው ያነበዋል፣ አርታኢዎች እየሰሙ ቀልባቸው የት ላይ እንደሸሸ ይናገራሉ። የኔ ተራ ሲደርስ አንባቢው «እግሮቿ ቀጫጭን፣ ጆሮዎቿም ዘንበል ያሉ ነበሩ» የሚለው ላይ ድምፁ ሲዝል ሰማሁት። እኔ ሳነበው ሁሌም በድምፄ ደግፌ አሳልፈው ነበር ለካ! አንዷ አርታኢ «ይህንን ሠዓሊው ያሳየናል፤ እኔ መስማት የምፈልገው ጥላዋን ስታይ ምን እንዳደረገች ነው» አለች። ላስረዳ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መጽሐፉን የሚገዛ ወላጅ ቤት ሄጄ አላስረዳ። ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩት።

በሻይ ሰዓት አጠገቤ የተቀመጠች ሠዓሊ 8 ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፋ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰክታ ባለ 32 ገጽ ትንሽ መጽሐፍ ሠራችልኝ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱ ደግሞ 32 ስለሚሆኑ ነው። የርዕሱና የመሳሰሉት ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ የሚተርፉት 12 ወይም 14 ጥንድ ገጾች ናቸው። ታሪኬን በእርሳስ ስንከፋፍለው ጥፋቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ግልገሏ «ከኋላዬ ማን አለ?» የምትለውና ጥላዋ የሚታየው እዚያው አንድ ገጽ ላይ ነበር። ልጁ ገጹን እስኪገልጥ የሚጓጓበትን ነገር ራሴው ነጥቄዋለሁ። ከሦስት ቀን ጉባኤ ይዤ የተመለስኩት ትልቁ ነገር ይህች የእርሳስ ምልክት ናት።

አሳታሚዎችንም አገኘሁ። ረቂቅ እጃቸው ላይ ከማስቀመጥ ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈልጉ መጠየቅ ይሻላል፤ ሁለቱ በኋላ እንድልክላቸው ነገሩኝ። ሠዓሊ ቀድሜ መፈለግ እንደሌለብኝም ተረዳሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው አሳታሚው ነው።

ዛሬ ጠዋት ነገሩ ሳይበርድ ተቀመጥኩ። ለሠዓሊዋ የምስጋና መልእክት ላክሁ፣ እግሯንና ጆሮዋን ሰረዝኩ። ታሪኩ አሁን የሚጀምረው «ግልገሏ ሮጠች። ጥላዋም ሮጠ።» ብሎ ነው። የእህቴ ልጅ ማንበብ ጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ትንሿን መጽሐፍ እሰጣትና ጮክ ብላ ታነብልኛለች፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።